ብስክሌትን በአንገት ልክ

የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ሜዳ በደረሰ ጊዜ፣ ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ለሠረገላው የማይደፈር ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ከተማይቱ በተራራው ግርጌ በሐዲዱ ዳር ተቈረቈረች፤ ስለዚህ ድሬዳዋን ከልደቷ ጀምሮ የመንኰራኵር ልጅ ናት ቢሏት ማጋነን አይሆንም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በተዘረጋው ምድሯ ላይ ጎዳናዎቿ ለጥ ያሉ ናቸው፤ ከሰፈሮቿ ከዚራ በዛፍ ጥላ ተከናንባ፣ መጋላ በገበያዋ ግርግር ደምቃ፣ በመካከላቸውም የደቻቱ ወንዝ በበጋ አሸዋውን አስጥቶ በክረምት ድንገት እየደነፋ ሲታይ፣ ይህን ሁሉ አንድ ሰው ከቁርስ በፊት በብስክሌት ዞሮት ሊመለስ ይችላል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ቅር አይበላቸውና፣ ሙቀቷን ለቻለ ሰው ለፔዳል ከእርሷ የተመቸች ከተማ በአገራችን ብዙ አትገኝም። ዛሬ በጎዳናው ላይ የነገሠው ባጃጅ ነው፤ ብስክሌትም ቢሆን ግን ጨርሶ አልጠፋም።

ስለ ብስክሌት አንሥተን እንድንጽፍ ያደረገን ትዝታ ሳይሆን አዲስ ነገር ነው። በመልካ ጀብዱ በኩል የተተከለው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ነሐሴ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጣና ተብሎ ከተመረቀ ወዲህ፣ የከተማይቱ የሥራ ማእከል ከአሮጌው ለገሃር ሰፈር ወደ ዳር እየተሳበ ሄዷል፤ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም ጣቢያውን ያደረገው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ስለዚህ በከዚራ ወይም በሳቢያን ለሚኖር ሰው፣ አባቱ በእግሩ ይደርስበት የነበረው ሥራ ዛሬ ራቅ ብሎ ተተክሎበታል፤ ሰርቪስ ያለው በሰርቪስ፣ የሌለው በባጃጅ፣ ሳንቲሙን የሚቈጥብ ደግሞ በብስክሌት ይሄዳል። መንግሥትም በበኩሉ በ2012 ዓ.ም. በትራንስፖርት ሚኒስቴር በኩል ሞተር አልባ ለሆነው መጓጓዣ የአሥር ዓመት ስልት አውጥቷል፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚነዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማትም፣ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መንገድ የመክፈትን ሐሳብ ይዞ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲዛመት፣ ድሬዳዋም ከእነርሱ ጋር ተቈጥራለች። እነዚህ ነገሮች በአንድነት ሲታዩ ብዙ ሰው ዳግመኛ ወደ ኮርቻው እንደሚመለስ ያመለክታሉ፤ ከሚመለሱትም መካከል አንገቱ የተጎዳ ወይም በቀዶ ሕክምና የተጠገነ ሰው መኖሩ አይቀርም።

የታከመ አንገት ይዞ ወደ ኮርቻ መመለሱም በራሱ አዲስ ነገር ነው። ከአንድ ትውልድ በፊት የክሳዱ፣ ማለትም የአንገቱ፣ አጥንት የተሰበረ ወይም በክሳዱ ውስጥ ያለው ኅብለ ሠረሠር የተጨፈለቀበት ሰው ዕጣው በአብዛኛው አልጋ ነበረ፤ ወደ ውጭ አገር ለመታከም የሚሄደውም በጣት የሚቈጠር ነበረ። የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የሠለጠኑት ሐኪሞች ቀድሞ የማይታሰበውን ሕክምና ለብዙ ሰው አድርሰዋል። ለድሬዳዋ ሰው ጉዞው ዛሬም አጭር አይደለም፤ መጀመሪያ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ይሄዳል፣ ከዚያ የደንገጎን ተራራ ወጥቶ ወደ ሐረር ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል፣ ወይም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ነገር ግን ይህ ሰው ዛሬ ድኖ ይመለሳል፤ ተመልሶም እንጀራውን ይፈልጋል፤ እንጀራውም በመልካ ጀብዱ መንገድ ዳር ባሉት ሼዶች ውስጥ ከሆነ፣ በምን ልሂድ የሚለው ጥያቄ ከሐኪሙ ክፍል ሳይወጣ ይጀምራል።

ለጥያቄው ሁለት ዐይነት መልስ ሲሰጥ ይሰማል። አንደኛው ፈሪው መልስ ነው፤ አንገቱ የታመመ ሰው ብስክሌት እንዳይነካ ይፈርዳል። ሁለተኛው ደፋሩ ነው፤ ቁስሉ ከሻረ፣ ክሩም ከተፈታ እንደ ቀድሞው ይጋልብ ይላል። ሁለቱም አንድ ስሕተት ይጋራሉ፤ ብስክሌትን አንድ ዐይነት ነገር ብቻ አድርገው ይቈጥሩታል። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን አንዱ ብስክሌት አንገትን የሚያሳርፍ መንበር ሲሆን ሌላው የሚያስጨንቅ ቀንበር ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም አንዳንድ ጊዜ በመሪው ከፍታ ላይ አራት ጣት አይሞላም።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ስለ ክሳድ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የአንገት አጥንቶች ሰባት ናቸው፤ የሚሸከሙት ራስ ከአራት ኪሎ ተኩል እስከ አምስት ኪሎ ይመዝናል። ራስ በትከሻ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ክብደቱ በአጥንቶቹ ዐምድ ላይ ያርፋል፤ ደረት ወደ ፊት ሲያዘነብል ግን ራስ ከዐምዱ ወጥቶ ስለሚንጠለጠል፣ ሸክሙ ወደ ማጅራት ጡንቻዎች ይዛወራል። የብስክሌተኛ መከራ ከዚህ አንድ እርምጃ ያልፋል፤ ደረቱ ወደ መሬት ዝቅ ሲል ዐይኑ መንገዱን ማየት አለበትና፣ ራሱን ወደ ኋላ ቀና ማድረግ ይገደዳል። ደረቱ 40 ዲግሪ ካጎነበሰ፣ ዐይን በጒድጓዱ ውስጥ ወደ ላይ ተንከባሎ ጥቂቱን ቢያግዝም፣ የቀረውን ሁሉ የሚከፍለው አንገት ነው። አንገት ወደ ኋላ በተቀለበሰ መጠን ደግሞ፣ ነርቮች ከኅብለ ሠረሠር የሚወጡባቸው በሮች ይጠባሉ፤ ሐኪሞች አንገትን ወደ ኋላና ወደ ጎን አዘንብለው ሕመሙ ወደ ክንድ ይወርድ እንደ ሆነ የሚመረምሩት ይህን መጥበብ አውቀው ነው። እንግዲህ ዝቅ ባለ ብስክሌት ላይ ያለ ሰው፣ ሐኪሙ ለአፍታ የሚያደርገውን ምርመራ ለግማሽ ሰዓት ያህል በራሱ ላይ ሲያደርግ ይቈያል።

የቀዶ ሕክምናው ደግሞ የራሱን ሒሳብ ይጨምራል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ስሚዝና ሮቢንሰን፣ እንዲሁም ክሎዋርድ የተባሉት አሜሪካውያን ሐኪሞች ከጒሮሮ በኩል ገብተው የተበላሸውን ዲስክ የማውጣትንና ሁለቱን አጥንቶች የማዋሐድን ዘዴ ካስተዋወቁ ወዲህ፣ ይህ ሥራ በዓለም ሁሉ የተለመደ ሆኗል፤ ብዙ ጊዜም የሚሠራው ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ባሉት አጥንቶች መካከል ነው። ሁለት አጥንቶች አንድ ሲሆኑ በመካከላቸው የነበረው እንቅስቃሴ ይቀራል፤ የቀረውንም ከላይና ከታች ያሉት ጎረቤቶቻቸው ይሸከሙታል። ሰውየው ከቀድሞው ብስክሌቱ ላይ ቢወጣ፣ ብስክሌቱ ያው ነው፣ መንገዱም ያው ነው፣ የሚፈልገው የራስ መቃናትም ያው ነው፤ ያን መቃናት የሚያዋጡት መገጣጠሚያዎች ግን ቍጥራቸው ጐድሏል። ከቀዶ ሕክምና በፊት የተመቸው ልክ በኋላም ይመቸዋል የሚለው ግምት የሚፈርሰው በዚህ ነው። በዚህ ላይ አጥንቱ እስኪዋሐድ ከሦስት ወር እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚያስፈራው ፔዳል መምታቱ ሳይሆን መውደቁ ነውና፣ ሐኪሙ ራጁን አይቶ እስኪፈቅድ ድረስ መንገድ መውጣት አይገባም። በቤት ውስጥ በተተከለ ቋሚ ብስክሌት ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ እግርን ማንቀሳቀስ ግን ቀደም ብሎ የሚፈቀድ ነው፤ መውደቅ በዚያ የለምና።

በፓርኩ ሼድ ውስጥ የልብስ ስፌት ለሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይታከላል። እጁ ከመኪናው መርፌ ሥር፣ ዐይኑ ከስፌቱ መስመር ላይ ሆኖ አንገቱን ደፍቶ ፈረቃውን ሲጨርስ፣ የማጅራቱ ጡንቻዎች ቀኑን ሙሉ ተወጥረው ይውላሉ፤ ወጥቶ ብስክሌቱ ላይ ሲቀመጥ፣ በድካም ላይ የነበሩት እነዚያው ጡንቻዎች አሁን በተቃራኒው አቅጣጫ ራሱን ቀና አድርገው እንዲይዙ ይጠየቃሉ። የጧቱ ጉዞ ሳያመው የማታው የሚያመው ሠራተኛ ቢኖር፣ የብስክሌቱን ልክ መመርመር ያለበት በማታው ድካም እንጂ በጧቱ ብርታት አይደለም። ይህን የምለው ስለ ብስክሌት ልክ የሚጻፈው አብዛኛው ምክር፣ ጋላቢው ከአልጋው ተነሥቶ በቀጥታ ኮርቻ ላይ የሚወጣ ይመስል፣ ከሥራ የሚመለስ ሰው መኖሩን የሚዘነጋ ስለ ሆነ ነው።

ልክ ሲወሰድ የተለመደው ሥርዓት ከእግር ይጀምራል፤ ፔዳሉ ከታች ሲሆን ጒልበቱ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያህል እንዲታጠፍ ኮርቻው ይስተካከላል፣ ከዚያ ኮርቻው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይገፋል፣ መሪው በመጨረሻ ይመጣል፣ አንገትም የተረፈውን ይቀበላል። ለጤነኛ ሰው ይህ ሥርዓት ስሕተት የለበትም። ክሳዱ ለተጠገነ ሰው ግን ሥርዓቱ መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ መጀመሪያ የዐይን ማረፊያ ይወሰን፣ ከዐይን ወደ ራስ፣ ከራስ ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ እጅ ይውረድ፣ መሪው የዚያ ውጤት ይሁን፤ እግርና ኮርቻ የራሳቸውን ልክ ይዘው ከዚህ ጋር ይታረቁ። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ አንድ አካልና ስለ ብዙ ብልቶቹ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን ያነበበ ሰው፣ ደካማ የሚመስለው አባል ለምን ቅድሚያ እንደሚያገኝ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ልክን እንዲህ መለወጥን ለድኩማን ብቻ የተፈቀደ ነገር አድርጎ የሚያስብ ሰው የኤዲ መርክስን ታሪክ ያስታውስ። ይህ ቤልጅጋዊ የብስክሌት ተወዳዳሪ በጳጉሜን 1961 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በብሉዋ ከተማ፣ ከፊቱ በሞተር ነፋስ ከሚሰብርለት ሰው ኋላ ሲጋልብ በደረሰ አደጋ፣ ቀዳሚው ፈርናንድ ዋምብስት ሞተ፤ መርክስም ራሱን ሳተ፣ የጀርባው አጥንት ተሰንጥቆ ዳሌውም ተዛንፎ ተገኘ። ጉዳቱ ከአንገት በታች ነበረ፤ ትምህርቱ ግን እዚህም ይሠራል። ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ፣ በ1972 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ከተማ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ጋልቦ ክብረ ወሰን አቆመ፤ ነገር ግን ሕመሙ አልተወውምና የኮርቻውን ከፍታ ዘወትር፣ በውድድር መካከል እንኳ ሳይቀር፣ ይለዋውጥ ነበር። በዘመኑ እርሱን የሚተካከል ጋላቢ አልነበረም፤ እርሱ ግን ከጉዳቱ በኋላ የቀድሞውን ልክ እንደ ቀኖና አልያዘውም። አንገትን በተመለከተ ደግሞ አሜሪካዊው ማይክል ሸርመር በ1983 እ.ኤ.አ. አሜሪካን በብስክሌት አቋርጦ በሚደረገው እሽቅድምድም ላይ የማጅራቱ ጡንቻዎች ከድተውት ራሱን ቀና ማድረግ ስላቃተው፣ በሽታው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ይህ የደረሰው በቀዶ ሕክምና ያልተነካ አንገት ባለው ሰው ላይ ነው።

በእኛም አገር የብስክሌት ክብር ያደገው ከእሽቅድምድም ጋር ነው። ገረመው ደንቦባና ባልንጀሮቹ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ከተሰለፉበት ጊዜ ጀምሮ፣ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ ሆኖ እስከ ጋለበበት ድረስ፣ በወጣቱ ልብ ውስጥ የተቀረጸው ሥዕል ጀርባው የተለመጠ፣ አገጩ ከመሪው የተጠጋ ጀግና ነው። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ ችግሩ ወደ ሱቅ ሲገባ ነው። ለመልካ ጀብዱ መንገድ የሚገዛ ሰው፣ የታጠፈ ቀንድ ያለውን ወይም መሪው ከኮርቻው ዝቅ ያለውን ብስክሌት ዐይኑ ይመርጥለታል፤ ከቻይና የሚመጣውን ፎኒክስን የመሰለውን፣ መሪው ወደ ጋላቢው የዞረ፣ ኮርቻው ሰፊና ባለ ሞላ ብስክሌት የሽማግሌ ነው ብሎ ይተወዋል። ለታከመ አንገት ግን የሽማግሌው ብስክሌት ከሱቁ ሁሉ የተሻለው ነው፤ እጅ ወደ ፊት ሳይዘረጋ መሪውን ይይዛል፣ ደረት ቀና ይላል፣ ራስም በቦታው ይቀመጣል።

ይህን ያህል ካሞገስነው በኋላ አንድ ነገር መደበቅ አይገባንም። እንደ ሠምበሌጥ ቀጥ ብሎ መቀመጥም መድኃኒት አይደለም፤ ጀርባ ፍጹም ቀጥ ሲል የመንገዱ ንዝረት ከኮርቻው ተነሥቶ በአከርካሪው ዐምድ በኩል በቀጥታ ወደ ክሳድ ይወጣልና፣ በኮብልስቶን መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል። የሚፈለገው ጥቂት ዘንበል ማለትና ክርንን ማላላት ነው፤ የታጠፈ ክርን ንዝረቱን ይውጠዋል፣ የተቆለፈ ክርን ግን ለትከሻ ያስተላልፈዋል። ጎማም ከዚህ ይቈጠራል፤ ወፍራም ጎማ ከቀጭኑ፣ ለስለስ ብሎ የተነፋው ከጠነከረው ይሻላል። በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ በጧት ቅዝቃዜ እስኪደነድን የተነፋ ጎማ በቀትር ይብሱን እንደሚደነድን ማንኛውም ጎሚስታ ይነግርሃል።

ወደ ብስክሌት ጠጋኙ እንሂድ፤ ምክንያቱም በዚህ ከተማ ልክ የሚወሰደው በኮምፒውተር ፊት ሳይሆን በጎዳና ዳር በዛፍ ጥላ ሥር ነው። አንቱታ በማይበዛበት በዚህ ከተማ ጠጋኙ የደንበኛውን ዕድሜ ሳይጠይቅ «አቦ፣ ምን ሆንክ?» ይለዋል፤ ደንበኛውም ፊት ለፊት ከጒሮሮው በታች ያለችውን ጠባሳ ያሳየዋል። አሮጌው ዐይነት ብስክሌት ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። የመሪው ግንድ ወደ ውስጥ ጠልቆ በሽብልቅ የተያዘ ነውና፣ ጠጋኙ በአናቱ ያለውን ብሎን ሁለት ሦስት ዙር ያላላዋል፣ ቁራጭ እንጨት በላዩ አድርጎ በመዶሻ መታ ሲያደርገው ሽብልቁ ይለቃል፣ መሪውም ወደ ላይ ይሳባል። በግንዱ ላይ የተቀረጸ የወሰን መስመር አለ፤ ያ መስመር ከታየ አልፎ ተርፏልና ወደ ታች መመለስ አለበት፤ አለዚያ ግንዱ በመንገድ ላይ ተነቅሎ፣ አንገትን ለማዳን የተሠራው ሥራ ሰውየውን በፊቱ ይደፋዋል። የፍሬኑ ገመድ ካጠረ ይለወጣል፤ ፍሬኑ በብረት ዘንግ የሚሠራ ከሆነም ዘንጉ ከመሪው ጋር አብሮ መስተካከል አለበት። በአዲሶቹ ብስክሌቶች ላይ ግን መሪው ከውጭ በኩል በአጭር የብረት ክንድ የተጨበጠ ነው፤ ያንን ክንድ በአጭሩና ወደ ላይ በተቃናው ካልለወጡት በቀር ከፍታው አይጨምርም። ችግሩ ይህ ትንሽ ብረት በገበያው ውስጥ እንደ ልብ አለመገኘቱ ነው፤ ብስክሌቱ ሙሉውን ይመጣል፣ ልኩን የሚወስነው ቁራጭ ግን ለብቻው አይመጣም።

መለኪያው ራሱ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ሰውየው ግድግዳ ተደግፎ ኮርቻው ላይ ይቀመጥ፣ መሪውን እንደ ወትሮው ይያዝ፣ ወደ ፊት ወደ መንገዱ ይመልከት፤ ሌላ ሰው ከጎኑ ቆሞ በስልክ ፎቶ ያንሣው። በፎቶው ላይ ማጅራቱ ተሸብሽቦ አገጩ ወደ ላይ ተሰቅሎ ከታየ፣ መሪው ወይ ሩቅ ነው ወይ ዝቅ ያለ ነው። ጆሮው ከትከሻው መስመር ቀረብ ብሎ፣ አገጩም ልከኛ ሆኖ ከታየ መልካም ነው። ይህ ፎቶ ግን በባዶ ራስ ብቻ መነሣት የለበትም። የድሬዳዋን ፀሐይ የሚሸሽ ሰው ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ይጎትተዋል፤ ጠርዙ የመንገዱን ግማሽ ስለሚጋርድበትም ሳያውቀው ራሱን ወደ ኋላ ይቀለብሳል። ጥላ ያለው የራስ ቁርም እንዲሁ ያደርጋል። በላብ ምክንያት ወደ አፍንጫው ጫፍ የሚንሸራተት መነጽር ያለውም ሰው ከፍሬሙ በላይ ሳይሆን በመስተዋቱ ውስጥ ለማየት አገጩን ያነሣል። መሪውን ሦስት ጊዜ አስነሥቶ ሕመሙ ያልለቀቀው ሰው ቢኖር፣ ኮፍያውን አንድ ጣት ወደ ላይ ገፋ ያድርገው ብዬ በድፍረት እመክራለሁ።

ኮርቻም ከአንገት የራቀ ቢመስል ሩቅ አይደለም። አፍንጫው ወደ ታች ያዘነበለ ኮርቻ ጋላቢውን ወደ ፊት ያንሸራትተዋል፤ እርሱም ላለመንሸራተት በእጆቹ ይገፋል፣ ግፊቱ በትከሻ አልፎ ከአንገት ይደርሳል። ብዙዎች መሪያቸውን የሚወቅሱት ኮርቻቸው ባጠፋው ነው።

የእጅ መደንዘዝ ሲመጣ ደግሞ ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሁለት የተለያዩ ምንጮች አንድ ዐይነት ምልክት ያሳያሉ። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ሲደነዝዙ፣ ነገሩ መዳፍን የሚጫነው መሪ በእጅ አንጓ ላይ ያለውን ነርቭ ስላስጨነቀው ሊሆን ይችላል፤ መያዣውን ማለስለስና እጅን ማቀያየር ይበቃዋል። ከክሳዱ ታችኛ ክፍል የሚወጣው ነርቭም ወደ እነዚያው ጣቶች ይወርዳል። አውራ ጣትና ጠቋሚ፣ ወይም መካከለኛው ጣት ከደነዘዘ ግን ጥርጣሬው ወደ አንገት ያዘነብላል፤ ከአንገት ሲመጣ ብዙ ጊዜ ሕመሙ ክንድን ተከትሎ ይወርዳል፣ ራስ ወደ ኋላ ሲቃናም ይብሳል። ከብስክሌቱ ወርዶ ከዐረፈ በኋላ የማይለቅ ድንዛዜ፣ ቁልፍ መቈለፍ የሚያቅታት እጅ፣ የሚንገዳገድ እግር፣ ራስ ሲደፋ በጀርባ የሚወርድ እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ንዝረት፣ ወይም ሽንትን መቈጣጠር አለመቻል ከታየ፣ ይህ የልክ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የኅብለ ሠረሠር ጉዳይ ሆኗልና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ነው። በዚህ መካከል ወደ ወጌሻ ሄዶ አንገትን ማስጠምዘዝ ፈጽሞ አይገባም። ወጌሻ ለወለም ላለ ቁርጭምጭሚት ያለውን ጥበብ አልክድም፤ በብረትና በብሎን የተያዘ ክሳድ ግን የእርሱ ክፍል አይደለም።

ስለ ራስ መዞር ያልተናገርነው አለ። ራስ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከሚዞረው ግማሽ ያህሉን የሚሰጡት የመጀመሪያውና የሁለተኛው አጥንት ናቸው፤ ስለዚህ ታችኛው ክፍል የተዋሐደበት ሰው ጥቂት ሲጎድልበት፣ ላይኛው የተዋሐደበት ሰው ግን በብርቱ ይቸገራል። ከኋላ የሚመጣውን ባጃጅ ለማየት መዞር የማይችል ሰው፣ መጥፎ ብስክሌት ካለው ሰው ይልቅ ለአደጋ የቀረበ ነው። በአገራችን መንገድ በቀኝ ስለሚነዳ መስተዋቱ በመሪው ግራ ጫፍ ይተከል፤ መዞር ግድ ሲሆንም ከአንገት ሳይሆን ከወገብ ይዙር። የሚሸከመውን ምሳ ዕቃና ልብስ ደግሞ ከጀርባው አውርዶ ከኋላ ጎማ በላይ ባለው መጫኛ ላይ ይሰረው፤ የጀርባ ቦርሳ ትከሻን ወደ ኋላ ሲጎትት ራስ ወደ ፊት ይወጣልና። ከደንገጎ ቁልቁለትም ይራቅ፤ ቁልቁል ሲወርዱ ክብደት ሁሉ ወደ እጅ ይመጣል፣ ራስም ከወትሮው ይበልጥ ይቃናል።

ከከተማይቱና ከፓርኩ ምን ይጠበቃል ቢባል፣ ፍርዴ አዳዲስ ብስክሌት ማደል አይደለም። የብስክሌት መንገድ ሲሠራ ጠርዙ ለስላሳ ሆኖ መንገዱ ከዋናው አስፋልት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከፍታና ዝቅታ እንዳይፈጠር ማድረግ፣ ለታከመ አንገት ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል፤ እያንዳንዱ ዕንቅፋት ከጎማው ተነሥቶ የሚያበቃው ማጅራት ላይ ነውና። ለነጻ የንግድ ቀጣናው ደግሞ የሚመጥን ሥራ አለ። ዕቃ ከጅቡቲ ወደብ በባቡር ገብቶ እዚያው የሚገጣጠምበትና የሚከፋፈልበት ቦታ ከሆነ፣ በልዩ ልዩ ርዝመትና ከፍታ የተሠሩ የመሪ ክንዶች፣ ወደ ጋላቢው የዞሩ መሪዎችና ባለ ሞላ ኮርቻዎች ከሙሉው ብስክሌት ተለይተው እንዲገቡ ማድረግ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ቦታቸው ከመጋዘን አንድ መደርደሪያ አይሞላም፣ የሚያስከትሉት ለውጥ ግን ጠጋኙ ዛሬ የለም ብሎ የሚመልሰውን ሰው ሁሉ ይነካል። በሼዶቹ በር የተሸፈነ የብስክሌት ማቆሚያ ቢኖርም ጥቅሙ ዝናብን መከላከል ብቻ አይደለም፤ በፀሐይ የዋለ መሪና ኮርቻ የቀን ፈረቃውን ጨርሶ የወጣ ሠራተኛ እጁን ሸሽቶ እንዲይዘው፣ ሸሽቶም እንዲጎብጥ ያደርገዋል።

በመጨረሻም፣ ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ የተዋሐደለት፣ ወይም ኅብለ ሠረሠሩ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ብዙ ተጎድቶ ሚዛኑን የሚያጣ ሰው አለ። ለእርሱ ባለ ሁለት ጎማው ብስክሌት በማናቸውም ልክ ላይስማማው ይችላል፤ ሐኪሙም አይሆንም ሲለው ሊከራከረው አይገባም። ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት፣ በተለይም ጋላቢው ወደ ኋላ ተደግፎ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ የሚነዳው ዐይነት፣ ራስን በደገፋ ላይ ስለሚያሳርፍ ያገለግለው ይሆናል፤ ይህ በድሬዳዋ እስኪገኝ ድረስ ግን የፓርኩ ሰርቪስ ከፊተኛው ረድፍ ወንበር፣ ራስ መደገፊያ ካለበት በኩል፣ አንድ ቦታ ቢለቅለት በቂ ነው።